ጉና ያሳደረው እንግዳ

ልጅ ሳለሁ፣ ጉና በአንድ ወቅት እንግዳ አሳድሮ እንደ ነበር ከልቤ አምን ነበር። እንግዳውም ሰው ሳይሆን በረዶ ነበር። ይህን የነገሩን እማሆይ ናቸው። እማሆይ የአባቴ አክስት ነበሩ፤ ባላቸው ሞተው፣ ከወለዷቸውም ልጆች አንድ ሳይተርፍላቸው ቀርቶ፣ መንኩሰው በእኛ ግቢ በአንዲት ጎጆ ይኖሩ ነበር። ቀጭን ነበሩ። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም፤ እኛ ልጆችም ከአባቴ ጩኸት ይልቅ የእሳቸውን ዝግታ እንፈራ ነበር።

ሰፈራችን ከጉና ትከሻ ላይ ነው። ከደብረ ታቦር የሚመጣ ሰው መኪና እስከሚደርስበት ሄዶ፣ የቀረውን በእግሩ ወይም በበቅሎ ይወጣዋል። እዚያ ላይ ጤፍ አይበቅልም፤ ኑሯችን ገብስና ድንች፣ ሀብታችን በግ ነው። ያኔ በጎቹ ገብተው የበረቱ በር ሲዘጋ፣ እራት እስኪደርስ ድረስ እኔና ሦስት ወንድሞቼ ወደ እማሆይ ጎጆ እንሮጥ ነበር። የኩበቱ ጭስ ዓይን ያስለቅሳል፤ የአስታ ቁጥቋጦ ሥር ሲነድ ግን ሽታው ደስ ይላል። ምሰሶው ላይ የተሰቀለችው ኩራዝ ከብርሃኗ ጥቀርሻዋ ይበዛል። እማሆይ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ እንዝርታቸው ስትሾር ጥላዋም ግድግዳው ላይ ይሾራል፤ እኛ ድንች ከረመጡ ቀብረን እስኪበስል እንጠብቃለን።

እማሆይ ተረት ሲጀምሩ እንደ ሌላው ሰው አይጀምሩም። «እንግዳ መሽቶበታል» ይላሉ። እኛም ባንድ አፍ «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግባ!» እንላለን። ድምፃችን ካነሰባቸው ያስደግሙናል። «እንዲህ ተብሎ ማን ይገባል? ደጅ ላይ አሳደራችሁት እኮ» ይሉናል። እኛም እስክንሰነጠቅ እንጮሃለን።

ያኔ ጉና ብቻውን ነበር ይሉናል፤ ሰው የለ፣ ገብስ የለ፣ በግ የለ። አንድ ምሽት ነጭ የበግ ጠጉር ባና የተከናነበ ሽማግሌ ከሰማይ ወርዶ «መሽቶብኛል፣ አሳድረኝ» አለው። ጉና ደግ ነውና እሺ አለ። እንግዳው ግን በማግስቱ አልሄደም፤ በሳምንቱም በዓመቱም አልሄደም። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ክብደቱም የተራራውን ደረት እየጎደጎደ ሄደ። ከሰፈራችን ቀና ብሎ ለሚያይ፣ በሦስት ወገን ገደል፣ በአንድ ወገን ወደ እኛ የተከፈተ ትልቅ ጎድጓዳ አለ፤ ወንበር እንለዋለን። እንግዳው የተቀመጠበት ነው። በወንበሩ አፍ ያለው ጥቁር አለት ላይ ደግሞ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጭረቶች ይታያሉ፤ እማሆይ እንዳሉን፣ ሂድ ሲባል መሬቱን የሙጥኝ ብሎ በጥፍሩ የቧጠጠው ነው።

ያስነሣችው ፀሐይ ናት። አንድ ዘመን ትክ ብላ አየችውና እንግዳው ያልበው ጀመር። ላቡ ደግሞ የገዛ ገላው ነበረ፤ ባላበው ቁጥር ይሳሳል። ይህን ያህል ዘመን ተቀምጦ ባዶ እጁን መሄድ አፈረና ከተራራው ድንጋይ እየፈነቀለ ጀርባው ላይ ጫነ። ተሸክሞ ቁልቁል ሲያዘግም አንዱ ቋጥኝ ከሸክሙ አምልጦ ዛሬ የገብስ ማሳ ከሆነው መሬት መካከል ቀረ፤ የሰፈራችን ሽማግሌዎች የሚዳኙት ከሥሩ ተቀምጠው ነው። የቀረውን ከሰፈራችን በላይ አራገፈው። እንዲሁ አልጣለውም፤ ካብ እንደሚክብ ሰው ዙሪያውን በግማሽ ጨረቃ ደረደረው። ድርድር የምንለው የድንጋይ ጉብታ ይኸው ነው። ደርድሮ ሊጨርስ ሲል አንድ ቦታ ላይ ደከመው። ትልልቁን ማንሣት አቅቶት ጠጠርና ጭቃ ሞላበት። ከዚያ ወደ ጉና ዞሮ አለቀሰ። እንባው ከድርድሩ ኋላ ተጠራቀመ። «እንባዬን አደራ፤ አትድፉብኝ» አለና አለቀ።

እማሆይ እዚህ ሲደርሱ እንዝርቷን ያቆሟታል። «አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» ይላሉ። ከዚያ ድንቹ ይወጣል።

ያ እንባ የሰፈራችን ጨፌ ነበር። ከድርድሩ ኋላ ያለው መሬት በጋ ከክረምት ረግረግ ነው፤ ሣሩ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እንኳ አረንጓዴ ነው። ክልክል ስለ ነበር ማንም እንዳሻው አያስገባበትም፤ እርሻ ሲቃረብ ብቻ ይከፈትና የእርሻ በሬና የወለደች ላም ይገቡበታል። በግ ያስገባ ሰው ቋጥኙ ሥር ሽማግሌዎች ፊት ይቆማል። ከድርድሩ ራስ ላይ የጓሳ ሣር እናጭድ ነበር፤ ለቤት ክዳንም፣ ለዝናብ ገሳም ይሆናል። በጎቻችን ንፋስ ሲበረታ ከድርድሩ ጥግ ይጠለላሉ። የቤታችን ግድግዳ ሳይቀር ከዚያ በተለቀሙ ድንጋዮች የተካበ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ከድርድሩ ግርጌ የምትፈልቀው ምንጭ ነበረች። እኛ ቤት ውሃ መቅዳት ሥራ አይባልም ነበር፤ እናቴ ወጡ እሳት ላይ እያለ ወጥታ ቀድታ ትመለሳለች።

እንግዳው የደከመበት ቦታ የትኛው እንደሆነ ግን ተረቱ አይናገርም። እሱን የሚያውቁት እማሆይ ብቻ ነበሩ፤ ለእሳቸውም የነገሯቸው አባታቸው ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ እማሆይ ቅርጫት አሸክመውኝ ወደ ድርድሩ ወጣን። ከዳገቱ ሥር ጭቃ አፈር ቆፍረን፣ ሣር ከነሥሩ ነቅለን ሞላነው። በአንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ በኩል ድርድሩ ትንሽ ዝቅ ይላል። እማሆይ ተንበርክከው፣ ዝናብ የቦረቦረውን ስንጥቅ በጭቃው ጠቀጠቁት፤ ሣሩን ከላዩ አለበሱት። «የድርድሩ አንገት ይህ ነው» አሉኝ። «በዓመት በዓመት ካልለበሰ ይበርደዋል። ወንዶቹ ወንድሞችሽ አፋቸው አያርፍም፤ አንቺ ወሬ አታበዢም። ላንቺ ብቻ ነው የነገርሁሽ።»

ወደ ቤት ስንመለስ መሬት የረገጥሁ አይመስለኝም ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ባናውን ተከናንቤ ምስጢሬን አዳመጥሁት።

አባቴ በሰፈሩ የታወቀ ታታሪ ገበሬ ነበር። አዲስ የድንች ዘር የመጣ እንደሆነ ቀድሞ የሚሞክረው እሱ ነው። ነገር ግን ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ማሳው ደግሞ ለአንዱም የሚበቃ አልነበረም። ያን ሰሞን ጨፌውን ቆሞ የማየት ልማድ አመጣ። ጥቁር አፈሩን በእጁ አንሥቶ ያሸታል። አንድ ቀን ከሌሎች ገበሬዎች ጋር ተማክሮ፣ ድርድሩን ከአንድ ወገን ከፍቶ ውሃውን በቦይ ለማፍሰስና ጨፌውን ለድንች ለመካፈል ቆረጡ። ሽማግሌዎቹም ተከራክረው ተከራክረው እሺ አሉ፤ የመሬት ጥበት የሌለበት ቤት አልነበረማ።

እማሆይ በሰሙ ጊዜ አባቴን አስጠሩት። ኩራዟ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

«ያ ውሃ አደራ ነው፤ ተወው ልጄ» አሉት።

«እማሆይ፣ አንቱ ልጆቼን ያውቋቸዋል። ሲያድጉ ምን ላውርሳቸው? ተረት ላውርሳቸው?»

«ተረቱን ማን አለህ? ውሃውን ነው ያልሁህ።»

አባቴ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ቁፋሮው በጥር ተጀመረ። በዶማም በዲጂኖም ሁለት ቦታ ላይ ሞከሩ፤ ሁለቱም ቦታ ከሰው አካል የሚበልጥ ድንጋይ አጋጠማቸው። ዲጂኖው ተጣመመ። ከሰዎቹ ግማሹ ተስፋ ቆርጦ ቀረ። ከዕለታት አንድ ቀን ወደ ማታ አባቴ ሲገባ መዳፉ ተልጦ ነበር። እናቴ ለብ ባለ የጨው ውሃ ነክራ ስታጥብለት ጥርሱን ነከሰ። አባቴ ሲያመው አይቼ አላውቅም ነበር፤ አሳዘነኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ያናገረኝ ሐዘኔታ ብቻ አይደለም። አንድ ትልቅ ሰው የማያውቀውን እኔ ማወቄ አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር፤ ለአባቴ ዋጋ ያለኝ ልጅ ሆኜ መታየት ፈለግሁ።

«አባዬ፣ እንግዳው የደከመው እዚያ ጋ አይደለም» አልሁት። «በጠፍጣፋዋ ድንጋይ በኩል ነው።»

እናቴ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም። ማን ነገረሽ ብሎም አልጠየቀኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን ያኔም ሰምቼው ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ እስከ ቀትር ድረስ ቦዩ ተከፈተ። ጠጠርና ጭቃ ብቻ ነበር፤ ልክ እንደ ተረቱ። ውሃው ለቀናት ወረደ። እኛ ልጆች ከጎኑ እየሮጥን እንቁራሪት እንይዝ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ማታ ወደ እማሆይ ጎጆ ስንገባ እሳቱ እንደ ወትሮው ነዷል፤ «እንግዳ መሽቶበታል» አሉ፤ እኛም ጮኽን። ተረቱን እንደ ሁልጊዜው አመጡት፤ ድርድሩ ጋ ሲደርሱ ግን «እንግዳው ድንጋዩን ደረደረ፤ ደርድሮም ጨረሰ። አልደከመውም» አሉ። ቀና ብለው አላዩኝም። ክሩን ነበር የሚያዩት። ወንድሞቼ ልዩነቱን ልብ አላሉትም፤ ድንቹን ያገላብጡ ነበር። እኔ ግን ፊቴ ነደደ። ቦታውን ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ያኔ ብቻ ትዝ አለኝ። ቢቆጡኝ፣ ቢገርፉኝ በተሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተረቱን በነገሩን ቁጥር እንግዳው አልደከመውም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የመጀመሪያው ዓመት ድንች እንደዚያ ሆኖ አያውቅም፤ ያ ጥቁር አፈር ውስጥ እጅ የሰደደ ሰው ሁለት እጅ ሙሉ ይዞ ይወጣል። አባቴ በአህያ ጭኖ ደብረ ታቦር ገበያ ሲወርድ እየዘፈነ ነበር። በጥቅምት እማሆይ ቅርጫታቸውን ከተሰቀለበት አላወረዱም። እኔም አልጠየቅሁም።

በሁለተኛው ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ ምንጯ ቀጠነች። እናቴ እንደ ድሮው ወጡን ጥዳ ወጥታ፣ ወጡ አርሮ ቆያት። መጋቢት ላይ ምንጯ እርጥብ ጭቃ ብቻ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ገደሉን ወርደው ከወንዙ ይቀዱ ጀመር፤ ሲመለሱ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። ጨፌው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ለእርሻ በሬዎቹ የሚከፈት ክልክል አልነበረም፤ አጥንታቸው ወጥቶ ቀንበር ሲጫንባቸው ይንበረከኩ ነበር። ቋጥኙ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች እርስ በርስ መተያየት ተዉ።

እናቴ የወደቀችው በሚያዝያ ነው። ጀሪካን አዝላ ገደሉን ስትወጣ ድንጋይ ከዳት። ሰዎች በቃሬዛ አምጥተው ደጃፋችን ላይ ሲያሳርፏት፣ እግሯ ከጉልበት በታች መሆን በማይገባው በኩል ዞሮ ነበር። ወጌሻ መጥቶ አሰራት። እሷ ጥርሷን ነክሳ ዝም ስትል አባቴ ግን እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ከጎተራው ኋላ ተሸጉጬ ጆሮዬን ደፈንሁ። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም ግን መናገር አልቻልሁም። እናቴ እስከ ዛሬ ታነክሳለች፤ ስታነክስ ባየሁ ቁጥር ያን ማታ የተናገርኋት ቃል ትመጣብኛለች።

በሳምንቱ አባቴ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ድርድሩ ወጣ። ሲመለስ ከቦዩ የወጣ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ነበር። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንዲህ ነው፤ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይወድቃል፤ ተበዳዩ ይቅር ካለው ድንጋዩን አንሥቶ ያወርድለታል። አባቴ ሰፈሩን ሙሉ እንደዚያ አቋርጦ መጣና ከእማሆይ ጎጆ ደጅ ተንበረከከ። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ያያል። አባቴ የሚኮራ ሰው ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ አይቼው አላውቅም።

«እማሆይ፣ አደራ በልቻለሁ» አለ። «ስለ ማርያም ይማሩኝ።»

እማሆይ ወጡ። ድንጋዩን ያወርዱለታል ብለን ስንጠብቅ እጃቸውን አልዘረጉም።

«እኔ ይማርህ ብያለሁ» አሉት። «ድንጋዩን ግን እኔ ደጅ አታራግፈው። የተበደለው እዚያ ላይ ነው። ካነሣህበት መልሰው።»

ከዚያ አባቴ እየተንገዳገደ ተነሥቶ፣ ድንጋዩን እንደተሸከመ ዳገቱን መውጣት ጀመረ። እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሉት። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሡ፤ ቀጥሎ አብረው የቆፈሩት ሁሉ፤ ከዚያ ሴቶቹ፤ ማንም እንዲህ አድርጉ ያላቸው ሳይኖር ሁሉም ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ አድርገው ወጡ። ያንን ሰልፍ እስክሞት አልረሳውም። ያ በረዶ ድንጋይ ተሸክሞ የወረደበትን መንገድ እኛ ድንጋይ ተሸክመን እየወጣን ነበር።

ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ አጠገብ አባቴ ተንበረከከ። እማሆይ ያኔ ነው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ከማጅራቱ ያወረዱለት፤ ብቻቸውን ስለማይችሉት አብሮ ያዘላቸው። የቦዩ ወለል ላይ አኖሩት። የሌላውም ሸክም ከዚያው ላይ ወረደ። ሴቶቹ ጭቃ ያቀርባሉ፤ ወንዶቹ ይጠቀጥቃሉ።

እኔ ከሁሉ ኋላ ቀርቼ ነበር። ከመንገድ አንዲት ድንጋይ፣ ከዳቦ የማትበልጥ፣ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አድርጌአለሁ። ሰው ሁሉ በሥራ ሲጠመድ ሄጄ እማሆይ ፊት ተንበረከክሁ። ልናገር ብል እንባው አያናግረኝም ነበር። እማሆይ ድንጋይዋን ከማጅራቴ አነሡ፤ በጠፍጣፋዋ ድንጋይ ሥር ወሸቋትና በጭቃ ለሰኗት። ከዚያ ጭቃ በነካ አውራ ጣታቸው ግንባሬን ጠረጉኝ። ሌሎቹ ሕፃን ልትጫወት መጣች ብለው ሳይሆን አይቀርም።

ምንጯ ወዲያው አልተመለሰችም። አንድ ክረምት አለፈ፤ ምንም የለም። ሴቶቹ ገደሉን መውረዳቸውን ቀጠሉ። ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ጨፌው ውሃ ያዘ፤ ጥቅምት ሲያልቅ የምንጯ ድንጋይ አላበው። በጥር አንዲት ቀጭን ውሃ ወረደች። እናቴ በምርኩዝ እያነከሰች ሄዳ የመጀመሪያውን ቀዳች። እንደ ድሮው ሞልታ አልተመለሰችም፤ ዛሬም ግማሽ ናት። ግን አለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ወደ እማሆይ ጎጆ ገባን። ወንድሞቼ አድገው ነበር፤ ለተረቱ ሳይሆን ለድንቹ ነው የሚመጡት። እማሆይ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ክሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ነው የሚፈትሉት። «እንግዳ መሽቶበታል» አሉ። መለስን። ጉና፣ ነጩ ባና፣ ወንበሩ፣ ጥፍሩ፣ ሸክሙ። ድርድሩ ጋ ሲደርሱ እንዝርቷን አቆሟት። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አንድ ቦታ ላይ ግን ደከመው» አሉ።

ያቺን ቃል ስሰማ እንደገና የተወለድሁ መሰለኝ። የይቅርታ ቃል ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አልሰማሁም። በቀጣዩ ጥቅምት ቅርጫቱን አብረን ይዘን ወጣን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጥቅምት አላዩትም። ከቋጥኙ በታች ካለችው ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ፤ መቃብራቸው ላይ የተደረደረው ድንጋይ ከድርድሩ የመጣ ነው።

ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጂኦግራፊ ሳጠና፣ አንድ መምህር የሩቅ አገር ተራሮች ሥዕል ግድግዳ ላይ እያበራ ስለ በረዶ ግግር ያስተምረን ነበር። በረዶ በተራራ ደረት ላይ ሲከማች በክብደቱ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል አለ፤ የተቀመጠበትን ይጎደጉዳል፤ ድንጋይ ፈንቅሎ ይሸከማል፤ የሚያልፍበትን አለት ይጭራል፤ ሲሞቀው ሸክሙን ከፊቱ በግማሽ ጨረቃ አራግፎ ይቀልጣል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ምን ሆነሽ ብላ እጄን ያዘችኝ። እያለቀስሁ መሆኔን አላወቅሁም ነበር።

አሁን እኔም ደብረ ታቦር ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን በየዓመቱ ጉና አወጣቸዋለሁ፤ ወንበሩን፣ ጭረቶቹን፣ ድርድሩን አሳያቸዋለሁ። በረዶው የት ድረስ እንደወረደ ሊቃውንቱ ገና እንዳልተስማሙም እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ተማሪ ተረቱን ሲሰማ የድሮ ሰዎች በረዶውን አይተውት ይሆን ይለኛል። አይመስለኝም። ዘመኑ እጅግ ሩቅ ነው። ድንጋዩን ያዩት ይመስለኛል፤ ትውልድ ከትውልድ ያንኑ ድንጋይ እየለቀሙ፣ እየካቡ፣ ውሃውን እየጠጡ ሲኖሩ፣ ይህ ነገር ተሸክሞ ያመጣው አለው ብለው አሰቡ። የዚያ ሐሳብ ፍሬ ነገሩ ግን እውቀቱ አይደለም፤ አደራው ነው። ጠፍጣፋዋን ድንጋይ ለተማሪዎቼ አሳይቻቸው አላውቅም።

እማሆይ ካረፉ በኋላ አንገቱን የሚያለብሰው አባቴ ነበር። ቅርጫቱን ይዞ ብቻውን ይወጣል፤ አብሬው ልሂድ ስለው እንኳ ደስ አይለውም። ዘንድሮ ጉልበቱ እምቢ አለ። ወንድሞቼ አንዱ ይፋግ፣ አንዱ እብናት፣ አንዱ ባሕር ዳር ነው ኑሯቸው። ስለዚህ በጥቅምት የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ወላጆቼ ቤት ወጣሁ።

ማታ ላይ፣ እናቴ እግሯን ወደ ምድጃው ዘርግታ፣ ድንቹ ከረመጡ ተቀብሮ፣ አባቴ «እንግዳ መሽቶበታል» ብሎ ጀመረ። ልጄ መልሱን ስለማታውቀው እኔና እናቴ ጮኽንላት። ኤሌክትሪክ ገና አልገባም፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለችው ትንሽ የፀሐይ መብራት ከኩራዟ ትበልጣለች እንጂ ጭሱ ያው ነው። አባቴ ተረቱን ሳያዛንፍ አመጣው። ድርድሩ ጋ ሲደርስ ግን «ደርድሮም ጨረሰ» አለ። ዛሬም ይፈራል። አንዲት ቃል ካፉ ያመለጠች እንደሆነ ምንጯም የእናቴም እግር አብረው የሚሄዱ ይመስለዋል።

ልጄ አገጯን በጉልበቷ ላይ አስደግፋ አሰበች። «ያን ሁሉ ድንጋይ ብቻውን? አልደከመውም?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ተይው የሚል ልመና ነበር። እኔም ለአንድ አፍታ ልተወው ፈለግሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ማለት ምን እንደሆነ፣ በዚያ ዕድሜ ምስጢር እንዴት አላስቀምጥ እንደሚል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እማሆይም ያውቁ ነበር። አውቀውም፣ ከድቻቸውም፣ እንደገና ነግረውኛል።

«ደክሞት ነበር» አልኋት። «አንድ ቦታ ላይ ደክሞት ነበር። ነገ ጠዋት ቅርጫቱን ትይዢና አሳይሻለሁ።»

አባቴ ተነሣና፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ሄዶ፣ ቅርጫቱን ከተሰቀለበት አወረደላት።